ከኮርኒስ በላይ ያለችው ተከራይ

ለንደን ውስጥ ኪራይ ሲጨመርበት ዕቃውን ጠቅልሎ ከዞን ሁለት ወደ ዞን አራት፣ ከዞን አራት ወደ ዞን ስድስት የተሰደደ ሐበሻ ብዙ ነው። ማንም የማይነቀንቃት ተከራይ ግን አንዲት አለች። ክብደቷ አምስት ግራም ገደማ ነው፤ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ትገባለች፤ ከጣሪያ ክዳን ሥር ተሸጉጣ ትውላለች፤ የኪራይም ሆነ የመብራት ከፍላ አታውቅም። የሌሊት ወፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የብሪታንያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ እሷን መግደልና መረበሽ ብቻ ሳይሆን ማደሪያዋን ማፍረስንም ይከለክላል። ለወራት ሌላ ቦታ ሰንብታ ቤቱ ባዶውን ቢያድር እንኳ ማደሪያው የእሷ ነው። ይህን የጣሰ ሰው እስከ ስድስት ወር እስራት ወይም ጣሪያ የሌለው የገንዘብ ቅጣት ይጠብቀዋል።

ሕጉን በገዛ ኪሱ የተማረ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር በሰሜን ለንደን ይኖራል። ልጆቹ አድገው ቤቱ ሲጠባቸው፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ መኝታ ቤት ሊያደርገው አሰበ። ፕላን አሠርቶ፣ ግንበኛ አማርጦ፣ ቀብድ ሊከፍል ሲል ከማዘጋጃ ቤት «የሌሊት ወፍ አለመኖሩ ይጣራ» ተባለ። ማጣራት ማለት መሰላል ላይ ወጥቶ በባትሪ አብርቶ መውረድ ነበር የመሰለው። ለካ ባለሙያዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ጓሮ ውስጥ ወንበር ዘርግተው፣ በጨለማ የሚያይ ካሜራ ደቅነው፣ ጣሪያ ሲጠብቁ የሚያመሹበት ሥራ ነው። ያውም ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ሞቃት ወራት ብቻ፤ ካመለጠ የከርሞ ሰው ይበለን ነው። የተባለው ቀን ደርሶ ሚስቱ ለባለሙያዎቹ ሻይ ስታቀርብ፣ እሱ በመስኮት እያጮለቀ «እንዳትወጡ፣ እንዳትወጡ» ይላል። ሦስት ጥላዎች ከክዳኑ ሥር ሹልክ ሹልክ ብለው ወጡ። ግንባታው ቆመ።

ሚስቱ ሃምስቴድ ሂዝ በተባለው ሰፊ ሜዳና ደን ውስጥ የሌሊት ወፎችን የሚያሳይ የምሽት ጉዞ መኖሩን ስትነግረው እሺ ያለው ተፈጥሮ ናፍቆት አይደለም። በገዛ ቤቱ ማን እንደረታው በዓይኑ ለማየት ነው።

ኦገስት ውስጥ ለንደን ላይ ፀሐይ በአብዛኛው የምትጠልቀው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ለጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጡት አክስቱ ይህን ነገር ከመጡበት ቀን ጀምሮ አልተቀበሉትም። የሁለት ሰዓት ዜና በጠራራ ፀሐይ አይታይም፤ የማይሆን አገር ነው። የሌሊት ወፍ ለማየት እንደሚሄዱ ሲሰሙ ደግሞ ነጠላቸውን አጥብቀው ተከናነቡ።

«ፀጉር ላይ ከተለጠፈች አትላቀቅም።»

«እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«አንተ ራስህ መላጣ ስለሆንክ ነው።»

ከሂዙ ኩሬዎች ባንዱ ዳር የተሰበሰበው ሰው ሃያ ያህል ነው። የልጆቻቸውን የመኝታ ሰዓት ለአንድ ምሽት የሰረዙ ወላጆች አሉ፤ ሁለት ጡረተኞች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የወጡ የሚመስሉና ለእንዲህ ዓይነቱ ቀጠሮ ጨለማ ውስጥ ትንኝ መመገብን የመረጡ ወጣት ጥንዶችም። አስጎብኚዋ በበጎ ፈቃድ የምታገለግል ሴት ናት፤ ለየሁለት ሰው አንዳንድ ትንሽ ሳጥን አደለች። ሳጥኑ የድሮ ትራንዚስተር ሬዲዮ የሚያህል ሲሆን የሚዞር ቁልፍና ድምፅ ማጉያ አለው። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ አይሰማም፤ የአብዛኞቹ የእንግሊዝ የሌሊት ወፎች ጩኸት ከዚያ በላይ ነው፤ ሳጥኑ ያንን ቀጭን ጩኸት አውርዶ ለእኛ ጆሮ ያደርሰዋል። ሹፌሩ ይህን ለአክስቱ ሲያስረዳ «አልትራሳውንድ» ሲል፣ እሳቸው ለነፍሰ ጡር የሚነሣውን ስለሚያውቁ ያረገዘ ሰው ካለ ብለው ዙሪያውን ቃኙ።

እስኪመሽ ድረስ የሚጠብቅ ሕዝብ ታሪክ ይነገረዋል። አስጎብኚዋም ጣሊያናዊውን ቄስና ሳይንቲስት ላዛሮ ስፓላንዛኒን አነሣች። በ1793 ይህ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሻማ ሲጠፋ ጉጉት ግድግዳ ስትመታ፣ የሌሊት ወፍ ግን ምንም ሳትሆን ስትዞር ያስተውላል። ከዚያ የሠራው ሥራ የቄስ ሥራ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ የሌሊት ወፎቹን አሳወራቸው። ዕውሮቹም እንደ ወትሮው በረሩ። ጄኔቭ የነበረው ሐኪም ሉዊ ዡሪን በበኩሉ ጆሮአቸውን ሲደፍንባቸው ግን ካገኙት ነገር ጋር መጋጨት ጀመሩ። እንግዲህ በጆሮአቸው ነው የሚያዩት ማለት ነው፤ ነገር ግን ምንም ድምፅ ሳያሰሙ የሚበሩ እንስሳት ምኑን ነው የሚሰሙት? ለጥያቄው መልስ ስላልተገኘ ሊቃውንቱ ነገሩን አጣጥለው ከመቶ ዓመት በላይ ተዉት። በ1938 ዶናልድ ግሪፊን የተባለ የሃርቫርድ ተማሪ አንድ የፊዚክስ መምህር ወደ ሠራው መሣሪያ የሌሊት ወፎቹን ይዞ ሄደ፤ ዝም ያለው ክፍል በጩኸት የተሞላ ሆኖ ተገኘ። የሌሊት ወፍ የገደል ማሚቶዋን ራሷ ፈጥራ፣ ራሷ ሰምታ፣ የትንኝን አቅጣጫ ታሰላለች። የግሪፊን የሥራ ባልደረባ ሮበርት ጋላምቦስ ግኝቱን በጉባኤ ላይ ሲያቀርብ፣ አንድ የተከበሩ ምሁር እንዲህ ያለ ቀልድ ይቅርብን በሚል ትከሻውን ይዘው እንደነቀነቁት ይነገራል።

አክስትየው በዚህ መሐል ሌላ ነገር ነበር የከነከናቸው። የሌሊት ወፍ አጥቢ ናት፣ ልጇን ጡት ታጠባለች መባሉን ሰምተዋል። ኦሪት ዘሌዋውያን የማይበሉትን አዕዋፍ ሲዘረዝር እሷን ከወፎቹ ጋር መቁጠሩን ደግሞ ያውቃሉ። በተረቱም ቢሆን ወፎች ሲጠሯት አይጥ ነኝ፣ አይጦች ሲጠሯት ወፍ ነኝ ትላለች፤ አገር ቤት ፓርቲ የቀየረ ፖለቲከኛ ሁሉ በእሷ ስም የሚሰደበው በዚሁ ነው። ጥያቄያቸው በሹፌሩ በኩል ለአስጎብኚዋ ደረሰ፦ ቁርጡ ይነገር፣ ከአይጥ ነች ከወፍ?

ከሁለቱም አይደለችም። በዘር ሐረግ ከተኬደ የሌሊት ወፍ ለፈረስ፣ ለላምና ለውሻ ከአይጥ ይልቅ ትቀርባለች። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ሰውና አይጥ በአንድ ትልቅ የአጥቢዎች ቅርንጫፍ ላይ ያሉ ናቸው። ማለትም ለአይጥ ከሌሊት ወፏ ይልቅ የሚቀርቡት አክስትየው ናቸው። ሹፌሩ ይህን ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ሳይመልሰው ቀረ፤ ብልህ ሰው ነው።

ሰማዩ ሐምራዊ ሲሆን መጀመሪያ የመጣችው ኖክቱል ነች። ከብሪታንያ ትልልቆቹ አንዷ ናት፤ ቀድማ ትወጣለች፤ ከዛፎቹ በላይ ቀጥ ብላ ትከንፋለች። ሳጥኑ 20 እና 25 መካከል ሲዞር «ቺፕ… ቾፕ… ቺፕ… ቾፕ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ፒፒስትሬል የተባሉት ትንንሾቹ ከዛፉ ጥግ ብቅ አሉ፤ እዚህ ናቸው ሲባሉ እዚያ። ቁልፉ 45 ላይ ሲደርስ ቶሎ ቶሎ የሚጠበጠብ እርጥብ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ጥብጠባው እየፈጠነ፣ እየተጣበቀ ሄዶ «ብርርርት» ብሎ ተቋረጠ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ጡረተኞቹም ባይፈነዱ ፈገግ አሉ። አስጎብኚዋ ግን በከባድ ፊት «አሁን አንድ ትንኝ ሞተች» አለች። የሌሊት ወፏ ስትዘዋወር በሰከንድ አስር ጊዜ ያህል ትጮሃለች፤ ምግቧ ላይ ስትደርስ ጩኸቱ በሰከንድ እስከ 200 ይደርሳል፤ ያ አሳፋሪ ድምፅ የጉርሻ ድምፅ ነው። ይህች ክብሪት ቀፎ ውስጥ የምትገባ ፍጥረት በአንድ ሌሊት እስከ 3,000 ጥቃቅን ነፍሳት ልትውጥ ትችላለች።

«ሦስት ሺህ?» አሉ አክስትየው፣ ነጠላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትከሻቸው ወረደ። «ታዲያ ይቺን ለአርባ ምንጭ ሕዝብ መላክ ነው እንጂ!»

ከጎናቸው የቆሙት ጥንዶች ሳጥን ደግሞ ምንም አልሰማ ብሎ ነበር፤ ቁልፉ 55 ላይ ነው። ወዲያው እሱም መጠብጠብ ጀመረ። ፒፒስትሬሎቹ በአካል ሲታዩ የማይለዩ፣ ለረጅም ዘመን አንድ ናቸው ተብለው የኖሩ ሁለት ዝርያዎች ናቸው፤ አንዷ 45 ላይ፣ ሌላዋ 55 ላይ ትጮሃለች። መለያየታቸው የታወቀው በ1990ዎቹ ነው፤ መጀመሪያ በድምፃቸው፣ ቀጥሎ በዘረመል ምርመራ። ጎጃሜና ጎንደሬ አፍ እስኪከፍቱ ድረስ እንደማይለዩት ማለት ነው።

ብሪታንያ የሌሊት ወፎቿን የምትቆጥረው ካህን ምእመኑን እንደሚያውቅ በስም በስም ነው። 18 ዝርያ አላት፤ እዚያው የሚራቡት ግን 17 ናቸው። አሥራ ስምንተኛው ትልቁ «ማውስ ኢርድ» (ባለ አይጥ ጆሮ) የተባለው ነው። በ1990 ከአገሪቱ ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ። በ2002 አንድ ወንድ በሰሴክስ አካባቢ አሮጌ የባቡር ዋሻ ውስጥ ብርዱን ተኝቶ ሲያሳልፍ ተገኘ፤ ለብዙ ዓመታትም በየብርድ ወራቱ ባለሙያዎች እየሄዱ መኖሩን ሲያረጋግጡ ነበር፤ ብቻውን። የሌሊት ወፍ ደግሞ ዕድሜዋ አያልቅም፤ ሳይቤርያ ውስጥ ቀለበት የታሰረላት አንዲት ትንሽ ዝርያ ከ41 ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኝታለች።

«ምስኪን ላጤ» አሉ አክስትየው። «ከፈረንሳይ አንዲት ቢያመጡለት ምን አለበት?»

«እትዬ፣ ለትዳር ቪዛ በዓመት 29 ሺህ ፓውንድ ገቢ ማሳየት አለበት።»

ይህን ሳቅ ለእንግሊዞቹ ማስረዳት ጊዜ ፈጀ፤ ሲገባቸው ግን ከሁሉ በላይ የሳቁት ጡረተኞቹ ነበሩ።

ሹፌሩ በጆሮው ሁሉ የሚሰማው ስለ ራሱ ጣሪያ ነው። ከክዳኑ ሥር ያሉት ማን ይሆኑ? አስጎብኚዋ እንዳብራራችው በበጋ በሰው ቤት ጣሪያ የሚሰበሰቡት ብዙውን ጊዜ እናቶች ናቸው። አራስ ቤት ነው። ሴቶቹ ሙቀት ያለበት ቦታ ተሰብስበው፣ በዓመት አንዳንድ ልጅ ብቻ ወልደው፣ ተጣብቀው እየተሟሟቁ ያሳድጋሉ፤ ወንዶቹ ለብቻቸው ሌላ ቦታ ያድራሉ። ገንፎው ነው የጎደለው። አክስትየው ይህን ሲሰሙ ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞረው አዩት፤ አራስ ሊያስወጣ ነው እንዴ የተነሣው? እሱ ግን ከጣሪያው የወጡት ሦስት ብቻ መሆናቸውን አስታውሶ ተከላከለ፤ ሦስት ከሆኑ ወንዶች ሊሆኑ ይችላሉ ተባለ። ወንደ ላጤዎች ናቸው ማለት ነው። ትንሽ ቀለል አለው።

ደግሞስ እሱ ምን ደረሰበት? ከለንደን ወደ በርሚንግሃም የሚዘረጋው ፈጣን ባቡር በበኪንግሃምሻየር በአንድ ጫካ አጠገብ ያልፋል። በዚያ ጫካ ቤክሽታይን የተባሉ ብርቅ የሌሊት ወፎች ይኖራሉ። ባቡሩ እንዳይመታቸው ሐዲዱን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል የሚያለብስ መከለያ እንዲሠራ ተወሰነ፤ የፕሮጀክቱ ሊቀመንበር በ2024 ወጪው ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መሆኑን ሲናገሩ አገር ተንጫጫ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳይቀሩ አማረሩበት። በዚያ ሒሳብ ሲታይ የሹፌሩ መኝታ ቤት ለአንድ ዓመት መዘግየቱ እንደ ጸጋ የሚቆጠር ነው። እሱ በዚህ አልተጽናናም፤ የሚጽናናም ሰው ይኖራል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

የሌሊት ወፍ በተነሣበት ሁሉ ስለ ደም መጠጣት መጠየቁ አይቀርም፤ ከጥንዶቹ ወጣቱ ጠየቀ። በዓለም ካሉት ከ1,400 በላይ ዝርያዎች ደም የሚጠጡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ላቲን አሜሪካ። እነሱም ቢሆኑ ሳይቀናው ያደረን ጎረቤት አጉርሰው ያሳድራሉ፤ ጄራልድ ዊልኪንሰን የተባለ ተመራማሪ በ1984 ይህን ሲያሳትም ያጎረሰ በተራው እንደሚጎርስ ጽፏል። ስለ ጠብ ከተነሣ ደግሞ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ዮሲ ዮቬልና ባልደረቦቹ 22 የግብፅ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎችን ለ75 ቀን ቀድተው፣ 15,000 የሚጠጋ ጩኸት መርምረው በ2016 ያገኙት ውጤት አለ። የሚጮሁት አብዛኛውን ጊዜ ሲጨቃጨቁ ነው፤ በምግብ፣ በመኝታ ቦታ፣ «ተጠግተኸኛል» በሚል፣ ወንዱ ያለ ፈቃድ ሲመጣ። የሹፌሩ ሚስት ስትሰማ ቆይታ «ታዲያ ከእኛ ቤት በምን ይለያል?» አለች። ይኸው ፍራፍሬ በል ዝርያ ኢትዮጵያም ውስጥ አለ።

ኢትዮጵያ ስትነሣ አስጎብኚዋ ጓጓች፤ እናንተ አገር ምን ምን አለ አለች። ሹፌሩ ዝም። አክስትየው ግን የወይብ ወንዝ ሰርስሮ ስለሠራው የሶፍ ዑመር ዋሻ ሰምተዋል፤ ያደጉበት ደብር ጣሪያ ሥርም ነበሩ፤ ሽታቸውን አስታውሰው አፍንጫቸውን ያዙ። ሴትየዋ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ የኢትዮጵያ ዝርያዎች ብዛት ከብሪታንያው ሦስት እጥፍ በላይ እንደሆነ፣ ባሌ ተራሮች ውስጥ ደግሞ ጆሮው ከአካሉ ብዙም የማያጥር የደጋ የሌሊት ወፍ እንዳለ፣ ሳይንስ ስም የሰጠውም ገና በ2000 መሆኑን አነበበችላቸው። ስሙንም ከባሌ ነው ያወጡለት። አክስትየው ስለ ቀይ ቀበሮው እንጂ ስለዚህኛው የባሌ ነዋሪ ማስታወቂያ አይተው አያውቁም፤ ቱሪዝም ሚኒስቴር የት ሄዶ ነው ዓይነት ፊት አሳዩ። ያስደነገጣቸው ግን የቡናው ነው። ኪሊማንጃሮ ተዳፋት ላይ ተመራማሪዎች አንዳንድ የቡና ዛፎችን በመረብ ሸፍነው ወፍና የሌሊት ወፍ እንዳይደርስባቸው አደረጉ፤ በ2014 ያሳተሙት ውጤት እንደሚያሳየው ወፍና የሌሊት ወፍ የሚደርስባቸው ዛፎች የሚይዙት ፍሬ በአማካይ 9 በመቶ ይበልጣል። ከአሥር ስኒ አንዷን ልትጠጋ ትንሽ ቀራት። ቡና ላይ የሚቀለድ የለም፤ አክስትየው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወገን ለይተዋል።

ጨለማው ሲጠና አስጎብኚዋ በቀይ መብራት ኩሬውን አበራች። ከውኃው በስንዝር ከፍታ ላይ ዶበንተን የተባለችው እየተመላለሰች ነበር። በመስመር ትመጣለች፤ ትንኝ ውኃው ላይ ካረፈች በትልልቅ እግሮቿ ለቀም ታደርግና ሞገድ ሳትቀሰቅስ ታልፋለች። ሳጥኑ «ተተተተተ» ይላል። ከልጆቹ አንዱ ልንካት ብሎ ተንጠራራ፤ ወድቃ የተገኘችም ብትሆን በባዶ እጅ እንደማይነኳት ተነገረው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ዓይነት ቫይረስ አንዳንዶቹ ላይ ይገኛል። እናትየው ልጁን በኮሌታው ጎትታ መለሰችው።

ሹፌሩ አስጎብኚዋን ለብቻ ይዞ ስለ ጣሪያው ግንባታ መንገድ ለመንገድ ጠየቃት። ነገሩ እንደፈራው አልነበረም። ለሥራው ፈቃድ ይወጣል፤ የሌሊት ወፎቹ በማይገኙበት ወቅት ይሠራል፤ ምትክ ማደሪያም ይዘጋጅላቸዋል። ምትኩ ብዙውን ጊዜ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ከሥር ጠባብ ክፍት ያለው የእንጨት ሣጥን ነው። የሚሰቀልበት ሁኔታም የታወቀ ነው፦ ከመሬት አራት ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ መብራት የማያርፍበት፣ በቂ ፀሐይ እንዲያገኝ ወደ ደቡብ ወይም ደቡብ ምሥራቅ የዞረ፣ ከፊቱ ምንም የማይጋርደው። እንጨቱ ሽታ ያለው ቀለም አይቀባም፤ ውስጡ ሸካራ ይሁን፣ ጥፍራቸው እንዲይዝ።

በአውቶቡስ ሲመለሱ ሹፌሩ እንደ ተሳፋሪ መቀመጥ አላስቻለው ብሎ፣ የሾፌሩን ፍሬን አያያዝ እየታዘበ፣ ሣጥኑን የት እንደሚሰቅል ያሰላ ጀመር። በስተ ፊት የመንገድ መብራት አለ። በስተ ሰሜን ፀሐይ አይደርስም። በጓሮ በኩል አራት ሜትር ከፍታ፣ ደቡብ ምሥራቅ፣ ጨለማ፣ ምንም የማይጋርደው ቦታ አንድ ብቻ ነው።

«እዚያማ ዲሹ አለ» አለች ሚስቱ።

«ይነሣ።»

«ድራማዬስ?»

አክስትየው ከኋላ ወንበር ሆነው፣ ለዳኝነት ማንም ሳይጠራቸው፣ ድራማ በስልክም ይታያል አሉ።